የአማቴ አባት ዝግባ

ዲላ በመምህርነት የተመደብኩት በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ብዙም ሳልቆይ በአቅራቢያዋ ካለችው ከወናጎ ሚስት አገባሁ። አማቴ ገበያ በዋለ ቁጥር በቡና ጭነት መኪና ተሳፍረው ይመጡብን ነበር። አማርኛን የለመዱት በጉልምስና ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም የሚጠሩት በሴት ነው። እኔን "አንቺ ልጄ" ሲሉኝ መጀመሪያ ደንግጬ፣ ኋላ ለመድኩት።

አንድ ቅዳሜ ያመጡልንን ቆጮ አስቀመጡና "ዛሬ ትልቋን ቤተ ክርስቲያን ውስጧን አሳዪኝ" አሉኝ።

እሳቸው የሚሲዮን ሰው ናቸው። "ሰባኪያችሁ ቢሰማስ?" አልኳቸው።

"ማየት መስገድ ናት እንዴ?"

የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ያችን ክብ፣ ባለ ቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን "ካቴድራላችን" እንጂ በሌላ ስም አይጠሯትም። እንግዳ ሲያገኙ ደስታቸው ነው። በራፉ ላይ ጫማ አውልቁ ሲሉን አማቴ አዲሱን ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው ነጠላቸው ስር ወሸቁት።

"እዚህ የሚሰርቅ የለም" አሉ መሪጌታው ቅር ብሏቸው።

"ሰው ሁሉ እንዲህ ትላለች። ጫማዋ ግን ትጠፋለች።"

መሪጌታው ታሪኩን ጀመሩ። ታቦቱ በካህናት ራስ ላይ ሆኖ ከሸዋ መምጣቱን፣ የመጀመሪያዋ የሣር ጎጆ በመብረቅ መቃጠሏን፣ ይህኛው ሲሠራ አገሬው ድንጋይ መሸከሙን ነገሩን። ከዚያ አንዱን ወፍራም ምሰሶ መታ መታ አድርገው "ይህ ዝግባ ከወናጎ ተቆርጦ በሰው ጉልበት የመጣ ነው" ሲሉ አማቴ ቀጥ አሉ።

"ከማን ጓሮ?"

"እሱ አልተጻፈም።"

"ያባቴ ናት!"

ምሰሶውን እየዳበሱ ዞሩት። አንዲት ቀዳዳ አገኙና ጣታቸውን ከተቱባት። "ይቺው! አባቴ ቀፎ ልትሰቅል ስትወጣ ችካል የመታችባት ናት።"

"ኧረ እናቴ! እኔ ራሴ መጋረጃ ልሰቅል ምስማር የመታሁበት ነው!"

"አንቺ ዛፏን መች ታውቂያታለሽ? ሲቆርጧት እኮ አባቴ ምግብ እምቢ ብላ፣ አኩርፋ ተኛች።"

መሪጌታው ከተወለዱ ጀምሮ "አንቺ" ተብለው የሚያውቁ አይመስለኝም። አድነኝ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ግድግዳው ላይ የተሳሉትን መላእክት ማየት ያዝኩ። ቢቸግራቸው "ታዲያ ምን ይደረግ? ይነቀል?" አሉ።

አማቴ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። "ቤቷ ትውደቅብሽ እንዴ? ትቁም። ታሪክ ስታወሪ ግን ያባቴን ነገር ተናገሪ።"

"ቃሌ ነው" አሉ መሪጌታው፣ በሩን እያሳዩን።

ቃላቸውን ጠበቁ፤ ያውም ጨምረው። ከወራት በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ ብሄድ ያንኑ ምሰሶ መታ መታ እያደረጉ፣ "ይህን ዝግባ የሰጡት አንድ የወናጎ ባላባት ናቸው። መልአክ በሕልም ተገልጦ 'ዛፍህን ስጥ' ቢላቸው በእልልታ አስቆረጡት" ይላሉ። ሳቄን በመሀረብ አፈንኩት።

ለአማቴ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጠጋ አሉኝ።

"ባላባት ናት አለች?"

"አዎ።"

"መልአክም መጣች አለች?"

"አዎ፣ እማማ። ግን እርስዎ፣ አባቴ አኩርፎ ተኛ ብለው አልነበር?"

"ታዲያ ተኝታ አይደል መልአኳን ያየችው!"

በሚቀጥለው ገበያ ሁለት እህቶቻቸውን ይዘው መጡ። እቤት እንኳን ሳይገቡ ቀጥ ብለው መሪጌታው ዘንድ ወሰዷቸው።