የስምንት ሰው ብልቃጥ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ ካሣሁንን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ ሥጋ የማይበላ ነው። ከሞያሌ በጭነት መኪና ተጭኖ ናይሮቢ ከገባ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ፋሲካም ሆነ ገና ያለ እሱ ቅርጫ ተካፍለን አናውቅም። ዳጎሬቲ ከብት ገበያ ወርዶ በሬውን የሚገዛው እሱ፣ የሚበልተው እሱ፣ ሥጋውን መደብ መደብ አድርጎ የሚያስተካክለውም እሱ ነው። ሚዛን አይነካም። «ሚዛን ለማይተማመን ሰው ነው» ይላል። ሁሉም ዕጣውን አውጥቶ ድርሻውን ካነሣ በኋላ የቀረችው መደብ የእሱ ናት። አካፋይ ቀድሞ አያነሣም፤ ነውር ነው።

ታዲያ ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ዓይኑ ከዳው። ቀኙን ስኳር በሽታ ከወሰደበት ቆይቷል፤ ኩራተኛ ነውና ከሚስቱ ከጥሩወርቅ በቀር ለማንም አልተነፈሰም። አሁን ደግሞ ግራው ይደበዝዝ ጀመር። በገና ቅርጫ አንዱ መደብ ጉበት በጉበት ሆኖ ሌላው ሽታውም ሳይደርሰው ቀረ። ሰው ሁሉ «ካሣሁን ዘንድሮ አዳላህ!» እያለ ሳቀ። ጥሩወርቅ አልሳቀችም። ሰኞ ጠዋት ክንዱን ይዛ ንጎንግ መንገድ ላይ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ወሰደችው።

ዶክተር ንጄሪ ፊቷ ቁጡ፣ ልቧ ቅቤ የሆነ ሴት ናት። በስዋሂሊ፣ እንደ አገሩ ወግ «ሙዜ»፣ አባባ፣ እያለች አስረዳችው።

«ሙዜ፣ ከዓይንዎ ጀርባ ውሃ ቋጥሯል። ለሦስት ወር በየወሩ አንድ መርፌ ዓይንዎ ውስጥ እሰጥዎታለሁ። ዝም ካሉት ይሄም እንደዚያኛው ይሄዳል።»

«ስንት ነው መርፌው?»

«ብልቃጡ አርባ ስምንት ሺህ ሺሊንግ።»

ካሣሁን በልቡ አሰላ። ሦስት ብልቃጥ ማለት አራት ሰንጋ ነው! ከዚያ፣ ዕድሜ ልኩን ሥጋ ያካፈለ ሰው ነውና፣ ሌላ በሽተኛ የማይጠይቀውን ጠየቀ።

«ብልቃጡ ሙሉውን ዓይኔ ውስጥ ይገባል?»

ዶክተሯ ሳቀች። «የለም፣ ጠብታ ናት የምትገባው። ከተከፈተ በኋላ ስለማይቆይ የተረፈው ይደፋል።»

«ይደፋል?» ብድግ አለ። «ኧረ በሕግ አምላክ! ለአንድ ሰሃን ጥብስ በሬ አርዶ የቀረውን የሚጥል ሰው አለ? ለስንት ሰው ይበቃል?»

«መድኃኒት ቀማሚያችን በንጽሕና ከከፈለው ለስምንት። ግን በአንድ ቀን ስምንት ሰው ከየት ይመጣል? ሞክረን ነበር፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀራል።»

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ» አለ።

ሰው መሰብሰቡ ግን እንደ በዓል ሥጋ አልቀለለም። የእኛ ሰው በሽታውን እንደ ወርቅ ነው የሚደብቀው! «ዓይኑ የሚደበዝዝበት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም የንስር ዓይን ያለው ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካሣሁን መሐል ግቢ ቆመና፣ «ቀኝ ዓይኔ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። ደብቄያችሁ ነው የኖርኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እኔን ያየህ ተቀጣ» አለ።

ከዚያማ ማን ያቁማቸው። በመጀመሪያ የመጣው ተካልኝ ነው፣ ጊጊሪ ሰፈር ታክሲ የሚነዳው። ለካ ከመሸ በኋላ መንገዱን በግምት ነበር የሚሄደው! ተሳፋሪዎቹን የጠበቀ አምላክ ይመስገን። ሩንዳ ሰፈር ነጮች ቤት ምግብ የምታበስለው አጸደም መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዶክተሯ አንድ በአንድ መርምራ፣ መርፌው የሚያስፈልጋቸውን ለየች። ከካሣሁን ጋር ስምንት ሞሉ። ስድስት ስድስት ሺህ ሺሊንጉ በኤምፔሳ ጥሩወርቅ ስልክ ላይ ገባ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያለ ካሣሁን ሳምንቱን ሙሉ ሲፎክር ሰነበተ።

መርፌው በሚሰጥበት ቅዳሜ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ዛራን ቆማ አገኛት። ጨርቅ የምትሸጥ የሐረር ሴት ናት፣ ጎረቤቱ። ስድስት ሺሏን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጥራለች፤ ዶክተሯም ሐሙስ ዕለት መርምራ መርፌ አዝዛላታለች። «ዘገየሁ መሰለኝ፣ ወንድም ካሣሁን» አለች።

«ምን መዘግየት አለ? ግቢ እንጂ! ዘጠኝ ብንሆን ከየመደቡ ቆንጠር ቆንጠር ማድረግ ነው።»

ሃያ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። የዘገየ እንግዳን ከበር መልሶ አያውቅም። ዶክተር ንጄሪ ስትሰማ ግን ዓይኗ ፈጠጠ።

«ሙዜ፣ ይሄ ሥጋ አይደለም! የአንድ ሰው ልክ ልክ ነው፤ ተቀንሶለት የሚድን ዓይን የለም። ስምንት መርፌ፣ ስምንት ሰው።»

ካሣሁን በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ዛራ ማደንዘዣ ጠብታ ተደርጎላት፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ ተቀምጣለች። ለእሱም የቀረችው አንድ ዓይን ናት፤ ፈራ፣ መፍራቱንም ያውቃል።

«የእኔን ለእሷ ይስጧት» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ጥሩወርቅ ጉድ አፈላች። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ከራስ በላይ ነፋስ ነው!»

«ግቢ ብያት ውጪ ልበላት?»

«ሰው ለእንግዳ ዓይኑን ያቀርባል?»

ዶክተሯም «ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ ኃላፊ አይደለሁም» ብላ አስጠነቀቀችው።

ነገሩ ግን ተደብቆ አልቀረም። ተካልኝ ሰማ፤ ተካልኝ ሰማ ማለት ናይሮቢ ሰማ ማለት ነው። ዛራ ስትሰማ ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ኢስሊ ሰፈር ወረደችና ዓይናቸው የደከመ አራት ሰው ይዛ ተመለሰች። ዶክተር ንጄሪ፣ በዋጋው ምክንያት ከቀሩት ኬንያውያን በሽተኞቿ ለሦስቱ ደወለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለተኛው ብልቃጥ ተከፈተ። ካሣሁን እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሲል ዛራና ተካልኝ ግራና ቀኝ ይዘው እንደ ሙሽራ ወስደው አስቀመጡት። «ዛሬ አካፋይ ነው የሚቀድመው!» አለች ዛራ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ነርሷም ሳቀች፣ እሱም እየፈራ ሳቀ።

በየወሩ እንዲሁ ስምንት ሰው እየሞላ፣ ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ዶክተሯ የፊደል ሰሌዳው ፊት አስቀመጠችው። በገና ሰሞን ከሁለተኛው መስመር አላለፈም ነበር። አሁን ሦስተኛውን ዘለቀ፤ አራተኛውን ዘለቀ፤ አምስተኛው ላይ አንድ ፊደል ብቻ ሳተ።

«ሙዜ፣ መኪና ሊነዱ ነው እንዴ!» አለች ዶክተሯ እያጨበጨበች።

ካሣሁን ሚስቱን «ሰማሽ?» ሊላት ዞር አለ። ጥሩወርቅ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ድምፅ የላትም፤ ጉንጮቿ ግን ርሰዋል።

«ምነው፣ ጥሩዬ? ምን ያስለቅስሻል?»

«አየኸኝ እንዴ?» አለችው። «ከገና ጀምሮ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ አንድ ቀን ምን ሆንሽ ብለኸኝ አታውቅም።»