ቆጥ ላይ የከረመው ዋንዛ

ከቦንጋ ስወጣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጀርመን ሄጄ አረጋውያን እንድንከባከብ ቪዛ ወጥቶልኝ፣ ከተማው ገና ሳይነቃ አባቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ አደረሰኝ። አባቴ በርና አልጋ የሚሠራ አናጢ ነበር። የቸርቻችን መዘምራን አንዲት ጊታር ነበረቻቸው፤ ጀርባዋ ሲሰነጠቅ በበር ሚስማር ጠገናትና ድምፅዋ እዚያው ጠፋ። ልጆቹ "ጋሽ አዳነ፣ ቁልፍም ያድርጉላት እንጂ" እያሉ ሲስቁ አብሯቸው ሳቀ። እንደከነከነው ግን እኔ አውቃለሁ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት በኩል፣ "ጊታር እንዴት እንደሚሠሩ እዪልኝ" አለኝ።

እዚህ ዝናቡ ድምፅ የለውም። የኛው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ተጯጩኾ ነው የሚያወራው፤ የዚህ ግን ሳትሰሙት ያበሰብሳችኋል። ሰዉም እንደዚያው ነው። ቆጮ አማረኝ ብዬ የማዋየው ሰው ሳጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጊታር መሥራት የሚያስተምሩ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ሄር ክላውስ ይሏቸዋል፣ አቶ ክላውስ እንደማለት። ለአባቴ ስነግረው ድምፁ ተቀየረ። ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ስንት ዓመት ጭስ ሲጠጣ የከረመ የዋንዛ ሳንቃ ነበረው፤ ለማንም አይሰጠውም። እሱን ሰንጥቆ ላከልኝ።

ጾል የሚሉት ጉምሩካቸው ጠራኝ። ሰውየው ሳንቃውን አሸተተው።

"የተጨሰ ሥጋ ነው?"

"እንጨት ነው። ጊታር ይሆናል።"

"ጊታር ትጫወቻለሽ?"

"አልችልም።"

"ታዲያ ለምን ትሠሪያለሽ?"

"አባቴም አልጋ የሚሠራው እንቅልፍ ኖሮት አይደለም።"

አልሳቀም። ማህተሙን ግን መታልኝ።

ሄር ክላውስ "ጀርባውን ስታሳሺ በጣትሽ እያንኳኳሽ አዳምጪ፣ የሚበቃውን እሱ ይነግርሻል" ብለውኝ ነበር። አባቴም ገበያ ላይ እንጨት የሚመርጠው እያንኳኳ ነው። እኔ ግን የአናጢ ልጅ አይደለሁ፣ በር እንደሚልግ ሰው መላጊያውን ገፋሁት። ሳንቃው እንደ ቅጠል ሳሳና መሐሉ ተበሳ። ሌላ የለኝም።

እውነቱን መናገር አቃተኝ። ከሱቅ በተገዛ እንጨት ሠርቼ ጨረስኩና በቪዲዮ ደወልኩለት።

"አባባ፣ ይኸው ዋንዛህ።"

"እስቲ ጀርባውን አንኳኪልኝ።"

አንኳኳሁ። ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

"እንደገና።"

አንኳኳሁ።

"ጎበዝ ልጄ" አለኝ፣ "በጣም ጎበዝ።"

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዓመት ሳይሞላ አባቴ ሞተ። የመኖሪያ ወረቀቴ ለእድሳት ገብቶ ስለነበርና ያለሱ ወጥቼ መመለስ ስለማልችል፣ ፈቃድ ልጠይቅ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሮጥኩ። ሴትዮዋ ቀና ሳትል፣ "ተርሚን አለሽ?" አለችኝ፤ ቀጠሮ ማለቷ ነው።

"አባቴም ያለ ቀጠሮ ነው የሞተው" አልኳት።

ለቀብሩ አልደረስኩም።

ታናሽ እህቴ ማርታ በኋላ ደወለችልኝ። "እትዬ፣ ያን ቀን ጊታሩን አሳይተሽው ስልኩን ሲዘጋ ምን እንዳለ ልንገርሽ? 'ያ ዋንዛ አይደለም። ተበላሽቶባት ይሆናል፤ እንዳትነግሪያት' አለኝ።"

ጊታሩን ባሳየሁት በማግስቱ አባቴ ሺሺንዳ ገበያ ድረስ ሄዶ ዋንዛ አንኳኩቶ መርጧል። ሰንጥቆ ቆጡ ላይ አስቀመጠው። ሳይደርቅ እሱ ሄደ። ማርታ እሁድ እሁድ ከቸርች ስትመለስ መሰላል ታቆምና እኩል እንዲደርቅልኝ ሳንቃውን ታገላብጠዋለች።