የነጯ መኪና ምስክሮች

አባቴ ስለ መኪናዋ ስጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ተዋት» ይለኛል። በወጣትነቱ የተወዳደረባት ትንሽ ነጭ የእሽቅድምድም መኪና አቃቂ በሰቃ ባለው ግቢያችን፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ከአርባ ዓመት በላይ ቆማለች። እሱ ሲያርፍ ግን አልተውኳትም። የአባቴ መኪና ቁራሌው እጅ ልትገባ? ሞቼ እገኛለሁ። ከቱሉ ዲምቱ በየእሁዱ እየመጣሁ አጠብኳት፤ በስሜ ላዞራትም ተነሳሁ።

ሊብሬዋ የለም። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መኪናዋ የአባቴ እንደነበረች የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች አምጣ፣ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብም በጋዜጣ አስነግር አለኝ። ማስታወቂያውን ከነስልክ ቁጥሬ ወዲያው አስወጣሁ። ምስክርማ ሞልቶኛል ብዬ ነበር። ከአባቴ ጋር አንድ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ፤ ቀብሩ ላይ ከእኔ በላይ ያለቀሱት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ያላየሁትን አልፈርምም አሉኝ፤ ስወጣ ግን ከበራፋቸው ሆነው ማዶ የቆመውን ሚኒባስ ታርጋ ያነቡ ነበር። ሁለተኛው ለለቅሶ ወሎ ልሄድ ነው አሉ። በማግስቱ ቃሊቲ ሻይ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ። በጣም ተናደድኩ። ከንዴቱ ሥር ፍርሃት እንደነበረ አሁን አልክድም።

ሦስተኛው የክርስትና አባቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣመመ ላሜራ ሲያቃኑ የኖሩ። ራሳቸው ግቢያችን መጡና ኮፈኑን አስከፈቱኝ። የሻንሲው ቁጥር ላይ ወረቀት አድርጌ በእርሳስ እንዳሸው አዘዙኝ። የማውቀው ቁጥር ወጣ። ከሥሩ ደግሞ በሞረድ ተፍቆ ያልጠፋ የሌላ ቁጥር ቅሪት አብሮ ታየ።

«መዶሻው የኔ ነበር» አሉኝ። «የአባትህ መኪና ተገልብጣ አለቀች። ይቺ አምሳያዋ የጓደኛው ናት። በደርግ ጊዜ ሰውየው ሲታሰር እንዳትወረስበት ብለን የአባትህን ቁጥር መታንባት። ሲፈታ ሊወስዳት ነበር።»

ሰውየው አልተፈታም። ሚስቱስ አልኳቸው። አባቴ ፈልጌ አጣኋት እንዳላቸው፣ እነሱም ደግመው እንዳልጠየቁት ነገሩኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጋራዡ በሙሉ ያወቀውን ሳላውቅ ያረጀሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሳይፈርሙ ሄዱ።

ማመልከቻውን እንዳልሰርዝ አባቴን ሌባ ማድረግ መሰለኝ። እንዳልገፋበት ደግሞ ቁጥሩን አይቻለሁ። የተቃውሞው ጊዜ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መኪናዋ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። አንዲት የማላውቃት ሴት ነበረች፤ ድምጿ ረጋ ያለ ነው።

«ይቅርታ፣ ጋዜጣ ላይ የአባትዎን ስም አይቼ ነው» አለችኝ። «እናቴ ያውቋቸዋል። እኔን አርግዘው ሁለት ጊዜ ቤታችሁ መጥተው ነበር። የባሌ መኪናስ ሲሏቸው፣ አባትዎ መንግሥት ወረሳት አሏቸው።»

እጄ ኮፈኑ ላይ ነበር፤ ማንሳት አቃተኝ።

«በማስታወቂያው ላይ ያለችው ሌላ መኪና ናት?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አይደለችም» አልኳት። «እናትዎን ይዘው ይምጡ።»