በአባቴ ኮኛክ ላይ የሚጨመረው ነገር

ባለፈው እሑድ፣ ምሳ ተበልቶ ሰዉ ሁሉ በየወንበሩ ሲዝናና፣ የልጄ ባል ዳዊት ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን ብራንዲ ከፈተና «እማማ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማስተናግድዎት» አለኝ። ረጅም ብርጭቆ አወጣ። ብራንዲውን እስከ ሁለት ጣት ቀዳ፣ በረዶ ጨመረበት፣ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ ሶዳውን ቀስ ብሎ ሞላው። ከሎሚ ልጣጭ ቀጭን ቁራጭ ላጠና ጣል አደረገበት። በቃ፣ ይኸው ነው። ሙያ አይጠይቅ፣ ጊዜ አይፈጅ። መጨረሻ ላይ ግን ለአፍታ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበርና፣ ብርጭቆውን ሲያቀብለኝ አፌ ሳላስበው «ሌላ ምን ጨመርክበት?» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዳዊት «እማማ መርዝ መሰላቸው!» እያለ ራሱ አንዴ ተጎንጭቶ መለሰልኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጥያቄው ግን ከሩቅ የመጣ ነው። ልጅ ሳለሁ በዚያ ጥያቄ ስተኛም ስነሳም ከርሜያለሁ።

እናቴ የሞተች ጊዜ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። አባቴ ይመር ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። ጠዋት በጉም ውስጥ በሰርቪስ ይወርዳል፣ አመሻሽ ላይ በጉም ውስጥ ይመለሳል። ደሴን የማያውቅ ሰው አጋነንሽ ይለኝ ይሆናል። ክረምት ላይ ግን ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በሩን ከፍተን ከተውነው ሳሎን ድረስ ይገባ ነበር። ልብስ አጥቦ ማድረቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከምድጃ ዳር አስጥተን በጭስ እናጥነዋለን እንጂ።

ከእናቴ ተዝካር በኋላ ብፌያችን ላይ የኮኛክ ጠርሙስ የማይጠፋ ሆነ። ያኔ ብራንዲ የሚል አልነበረም፤ ሁሉም ኮኛክ ነው። አባቴ ከሥራ ሲመለስ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ይቀመጥና በመለኪያ፣ ደረቁን፣ ደጋግሞ ይጠጣል። አይጮህም፣ አይሳደብም። ብቻ ዝም ይላል። እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ሳይሆን ጣቶቹ ነበሩ። በጨለማ የሞተር ብሎን የሚፈታው ሰውዬ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ያ እጅ በማግስቱ በሚሽከረከር ብረት መሃል የሚገባ እጅ ነው። ሰርቪሱ በዘገየ ቁጥር ደጅ ወጥቼ መንገድ መንገዱን አይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከኮምቦልቻ አንዲት ሴት ይዞ መጣ። ሰርግ የለ፣ ድግስ የለ። ሁለት ሽማግሌ ጠርቶ፣ አንድ በግ አርዶ፣ «ወይዘሮ አለምነሽ ትባላለች፤ ከእንግዲህ የቤቱ እመቤት እሷ ናት» አለ። ቀጠን ያለች፣ ረጋ ያለች፣ ወደ አርባ የምትጠጋ ሴት ነበረች። የሰው ዓይን አታይም። ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ስንዱ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። አክስቴ የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥራ የምትጨርስ ሴት ነበረች። አለምነሽን አስቀምጣ ትጠይቃት ጀመር።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት እትዬ።»

«ኮምቦልቻ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ሰው ቤት ሠርቻለሁ።»

«የማን ቤት?»

አለምነሽ የእጇን መዳፍ እያየች «የብዙ ሰው» አለች።

እኔም የራሴን ማስረጃ እለቅም ነበር። ባሏን «ጋሽ ይመር» ትለዋለች፣ አንቱ እያለች። የትኛዋ ሚስት ናት ባሏን ጋሼ የምትል? ዘመድ አይጠይቃት፣ ዘመድ አትጠይቅ። አንድ ቀን ደግሞ አብረን ሰኞ ገበያ ወጥተን በርበሬ ስንመርጥ፣ ከሰው ግርግር መሃል አንድ ወፍራም ሰውዬ «ሉሊት! አንቺ ሉሊት!» ብሎ ተጣራ። ዞር ስል ዓይኑ ያረፈው እኛ ላይ ነው። አለምነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና የመረጠችውን በርበሬ ጥላ ሄደች። ስደርስባት ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማን ነው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። ከሰው አሳስቶኝ ይሆናል።»

ያን ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ ጉንጯን ይዛ ስሙን ደጋግማ ጠራችው።

ከሁሉም በላይ ግን ያጠራጠረን ኮኛኩ ነበር። አለምነሽ በመጣች ሰሞን አባቴን «ደረቁን አንጀትዎን ይጠብሰዋል፤ በሶዳ ላድርግልዎ» አለችው። እሱም እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱ ከብፌው ተነስቶ ጓዳ ገባ። አባቴ ሲመጣ እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ መጋረጃውን ትጋርዳለች። የሶዳው ቆርኪ ጠሽ ሲል ይሰማል። ሶዳውን ቀን ሙሉ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር፣ ባልዲ ውስጥ ነው የምታቀዘቅዘው፤ ፍሪጅ መች ነበረን። ትንሽ ቆይታ ረጅሙን ብርጭቆ በትሪ ይዛ ትወጣለች፤ ወርቅማ፣ የሚፍለቀለቅ፣ የሎሚ ልጣጭ የተንሳፈፈበት። ልርዳሽ ስላት «ተይው የኔ እመቤት፣ አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ» ትለኛለች። ጠርሙሱን አታስነካም።

አባቴ ያን እየጠጣ ይለወጥ ጀመር። እራቱን ይበላል። ወሬ ያወራል። «ጋሽ ይመር፣ በቃዎት» ስትለው በቃኝ ይላል። እናቴ እንኳ በሕይወት ሳለች በቃህ ስትለው ሰምቷት የማያውቅ ሰው! ሌላ ቤተሰብ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔና አክስቴ ግን ተያየን።

«ታሰረ ወንድሜ» አለች አክስቴ በሹክሹክታ። «መስተፋቅር ነው። እንዲህ ያለውን በመጠጥ ነው የሚያቀምሱት። በሚካኤል ስም፣ አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። አንድ አመሻሽ መጋረጃው ጥግ ላይ በቀረችው ክፍተት ተጠግቼ አየሁ። አለምነሽ ከኮኛኩ ጠርሙስ ጥቂት ቀዳች፤ ጥቂት፣ የብርጭቆውን ቂጥ ብቻ የሚሸፍን። ከዚያ እጇን ከዱቄቱ ጣሳ ጀርባ ሰዳ አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ አወጣች። በጨርቅ ተወትፏል። ወደ ሳሎኑ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ከውስጡ ጥቁር ቡናማ ነገር አንጠፈጠፈችበት፣ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስታ ቀለሙን አየች፣ ትንሽ ጨመረች። ከዚያ ሶዳውን። በነጋታው ጠርሙሱን ብፈልገው የለም፤ ቦታ ቀይራለች።

አክስቴ ይህን ስትሰማ «በይ ተነሺ» አለች። አባቴን «ለቅሶ ልንደርስ ነው» ብለነው ኮምቦልቻ ወረድን። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንጨርስ ጉሙ ኋላችን ቀረ፤ ፀሐዩ ፊታችንን ጠበሰው፤ አክስቴ የደሴ ጋቢዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች። ፋብሪካው አካባቢ ከሸንኮራ ሻጯ ጀምሮ እስከ ልብስ ሰፊው «አለምነሽ የምትባል ሴት፣ ቀጠን ያለች» እያልን ጠየቅን። የሚያውቃት የለም። በመጨረሻ ከሱቁ ደጃፍ የተቀመጡ አንድ ሸይኽ ጥያቄያችንን ሰምተው መቁጠሪያቸውን ገታ አደረጉ።

«እዚህ አገር ሰው ሁሉ ለእንጀራው ነው የመጣው» አሉን። «ወላሂ፣ ግማሹ ስሙን አገሩ ትቶ ነው የሚመጣ። በስም ፈልጋችሁ ማንንም አታገኙ።»

አክስቴ መልሱን በራሷ መንገድ ተረጎመችው። ወደ ደሴ ስንወጣ «ስም የሌላት ሴት!» እያለች ነበር የምታቃስተው። እኔም አምኛታለሁ። አባቴን ከሞት የማወጣው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነው። አክስቴ ከቅዳሴ እንደወጣች በቀጥታ እኛ ቤት መጣች። ቀትር ላይ፣ አባቴ ለምሳ ሲቀመጥ፣ አለምነሽ ወደ ጓዳ ገባች። ቆርኪው ጠሽ አለ። አክስቴ ተነሳችና መጋረጃውን ከነቀለበቱ ጎትታ ጣለችው።

አለምነሽ አረንጓዴውን ጠርሙስ በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አክስቴ። «ለወንድሜ የምታጠጪው ምንድን ነው? ይመር፣ ተመልከት! በየቀኑ ይህን ነው የምትጠጣው! ልጅህ በዓይኗ አይታለች!»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

አለምነሽ ቀስ ብላ ወደ ሳሎን ወጣች። በባዶ ብርጭቆ ከጠርሙሱ ሞልታ ቀዳች፣ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። ደግማ ቀዳችና ለአክስቴ ዘረጋችላት። «ይቅመሱት እትዬ።» አክስቴ አማትባ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ብርጭቆው በአየር ላይ ቀረ። አንድ ሰው መቀበል ነበረበት፤ እኔ ተቀበልኩት።

ሻይ ነበር። ወፍሮ የተፈላ፣ የቀዘቀዘ፣ የተቃጠለ ስኳር ያለበት ሻይ።

«ሻይ ነው» አልኩ።

«ሻይ?» አክስቴ አላመነችም። «ኮኛኩንስ ምን አደረግሽው? ለምን ትደብቂዋለሽ ታዲያ?»

«ካወቁት ይተዉታል ብዬ ነው» አለች አለምነሽ። «በየሳምንቱ ኮኛኩን እየቀነስኩ ሻዩን እጨምራለሁ። ቀለሙ ስለሚመሳሰል፣ ሶዳው ምላስን ስለሚቆነጥጥ አይታወቅም። እጃቸው እንዲረጋ ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ይችል ነበር። አክስቴ ግን አክስቴ ናት። «እንዲህ ያለውን ማታለል የት ተማርሽ?» አለቻት።

ከጎረቤት ነው ብትል፣ ከነርስ ነው ብትል ማን ይመረምራታል? አለምነሽ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በእጇ ያዘች። እዚያ ቤት ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአክስቴን ዓይን ቀጥ ብላ አየች።

«ቡና ቤት ነው የተማርኩት» አለች። «ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካው ማዶ። እዚያ ስሜ ሉሊት ነበር። ወንዶቹ ‹ለእሷም ኮኛክ ቅዱላት› ሲሉ ለእኛ የሚቀዳልን ሻይ ነው። እሱ ባይኖር እኔም ይሄኔ እንደ ጓደኞቼ ሞቼ ነበር። እኔን ያተረፈኝ እሳቸውንም ቢያተርፍ ብዬ ነው። አሁን ከፈለጋችሁ እወጣለሁ።»

አክስቴ አፏን በእጇ ከደነች። ከመስተፋቅሩ ይልቅ ይህ የባሰባት ይመስለኛል። «ሰማህ ይመር? ሰማህ?»

አባቴ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሳ። «ስንዱ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «እኔ ሞተር የት እንደተቃጠለ በጠረኑ የምለይ ሰው ነኝ። ኮኛክና ሻይ ይጠፋኛል?»

«አውቀህ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ እያወቅክ ለምን ትጠጣዋለህ?»

«ለእኔ ብሎ ሰው ሲደክም አየሁ» አለ። «ሌላውን ደግሞ... እዚያ ቤት እሷ ስትቀዳ ማን ተቀምጦ ይጠጣ የነበረ ይመስልሻል? እሷ እንጀራዋን ፍለጋ ነው የገባች። እኔ ምን ፍለጋ ገባሁ? ከሁለታችን አንዳችን ማፈር ካለብን እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ አለምነሽ ዞረ። «ቁጭ በይ፤ ምሳው ቀዘቀዘ።»

እንግዳ ነገር፣ እሷ ግን ተቆጣች። «እያወቁ ነው ሲያሽሟጥጡብኝ የከረሙት?» ብላ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገችው። አባቴ ሳቀ። እናቴ ከሞተች በኋላ ጮክ ብሎ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነበር። አክስቴ ምሳውን ሳትበላ ሄደች። እኔ የወደቀውን መጋረጃ አንስቼ እጥፍ አደረግኩት፤ መልሶ የሰቀለው ሰው ግን አልነበረም።

ሁሉም ነገር በዚያ ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። አባቴ አልፎ አልፎ ይወድቅ ነበር፤ አንድ ጥምቀት ላይ ሰዎች ደግፈው አምጥተውታል። ነገር ግን እጁ ረጋ፣ ጡረታ እስኪወጣ በአሥሩም ጣቶቹ ሠራ። ኮኛኩ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ሶዳና ሻይ ብቻ ሆነ፤ ሁለቱም እያወቁ «ኮኛኬን አምጪ» ይላል፣ «እሺ ጋሽ ይመር» ትላለች። አክስቴ ከወራት በኋላ ተመለሰች፤ እስክትሞት ድረስ ግን በዚያ ቤት የቀረበላትን ሁሉ አሽትታ ነበር የምትጠጣው። አለምነሽን እኔ እትዬ ማለት የጀመርኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ልጆቼን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። አሁን አባቴም፣ አክስቴም፣ እሷም አልፈዋል።

ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ፣ ያየሁት ነገር ሁሉ እውነት መሆኑ ነው። የተደበቀ ጠርሙስ ነበር። ሌላ ስም ነበራት። ከመጠጡ ጋር የሚጨመር ነገር ነበር። ዓይኔ አንድም አልሳተም። መጠርጠር ዓይን ያጠራል፤ የጠራው ዓይን ያየውን ምን ብሎ እንደሚያነብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ በኛ ዘመን ደግሞ ሰው አላፊ አግዳሚውን የሚያይበት ዓይን ከአክስቴ ዓይን የባሰ ሆኗል።

ከትናንት በስቲያ ጎረቤቴ መጥታ፣ ከግቢያችን ጀርባ ስለተከራየችው ልጅ ታወራኝ ጀመር። «ከየት እንደመጣች አይታወቅም፤ ቀን ቀን በሯን ዘግታ ነው የምትውል፤ ሲመሽ ትወጣለች» አለችኝ፣ ቅንድቧን አንስታ። እኔም ምርኩዜን ይዤ ተነሳሁና ሄጄ አንኳኳሁ። ቆይታ ከፈተች። ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ጉንጯ ላይ የትራስ ምልክት አለ። ደንግጣ «ምነው እማማ፣ ረበሽኩ እንዴ?» አለችኝ።

«የለም፣ እኔው ነኝ የረበሽኩሽ። ጎረቤትሽ ነኝ» አልኳት።

«ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ» አለች፣ ዓይኗን እያሸች። ከዚያ አልጋዋ ላይ የተበተነውን ልብስ በጥድፊያ ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ይግቡ፣ ሰው ሲመጣብኝ የመጀመሪያዬ ነው።»