የደም መጣጮቹ ጨዋታና የእኔ ቅናት

ልጆቹ ይንገሩን እያሉ ባይወተውቱኝ ኖሮ ይህን ነገር ከአፌ አላወጣውም ነበር። እኔ አንድ ቦታ አልረጋም። ቤቴ ዓለም ከተማ ነው፣ ልጄ ራቤል ትኖራለች፣ እኅቴ መሐል ሜዳ ትኖራለች፤ እግሬ ባዘዘኝ እዞራለሁ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ራቤል ልጄ ዘንድ ሰንብቼ፣ ጉሙ ከደጅ አላስወጣ ብሎን፣ ሁለቱ ትልልቆቹ የልጅ ልጆቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተደራርበው በእናታቸው ስልክ ይጫወታሉ። ስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ከደም መጣጮች ይሸሻል። ትልቋ ሜሮን ሰውየውን ወደ አንድ ባዶ ቤት ልታስገባው ስትል፣ ሳላስበው፣ "ተይ፣ አታስገቢው። ግድግዳውን ይዞ ይቁም፤ እነሱ ይለፉ" አልኳት። እንዳልኳት አደረገች። አለፉ።

ሁለቱም ዘወር ብለው አዩኝ።

"እምዬ፣ ይህን ጨዋታ የት ያውቁታል?" አለች ሜሮን።

"ይኸኛውን አላውቀውም። ታላቅ ወንድሙን ነው የማውቀው" አልኩ። ከዚያ በኋላማ ማን ይለቀኛል።

ያን ጊዜ ኢሕአዴግ ከገባ ዐሥር ዓመት አልፎታል። እኔ በልጅነቴ ተድሬ፣ የዛሬዋን የራቤሏን ልጄን ወልጄ፣ ከባሌም ተፋትቼ፣ ገና ሃያ አራት እንኳ በቅጡ ያልሞላኝ ፈት ነበርኩ። ልጄን እናቴ ጋ ትቼ፣ ሁለት ቀን በእግር አንድ ቀን በመኪና ተጉዤ ዓለም ከተማ አክስቴ ቤት ገባሁ። የእኛ አገር ብርድ ነው፤ ሰው ጥርና ታኅሣሥ እሳት ዳር ተኮራምቶ ገብስ ሲቆረጥም የሚከርምበት አገር። ዓለም ከተማ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን እንደ ምድጃ መታኝና በመጀመሪያው ሳምንት ጋቢዬን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

አክስቴን እትዬ ነበር የምላት። ባሏ ሞቶባት፣ አስካለ የምትባል አንድ ልጅ አለቻት። አስካለ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ትምህርት ቤት የምትሄደው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጧቱ የራሷ ነው። እኔ እህል እለቅማለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፤ እሷ ደብተር ይዛ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። ይህ ምንም አላስቀናኝም። ለእሷ ደብተር፣ ለእኔ ሰፌድ፤ የእግዜር ድልድል ነው ብዬ ተቀምጫለሁ።

ያስቀናኝ ደጀኔ ነው።

ደጀኔ የመንገድ ዳሩን ክፍል ከእትዬ ተከራይቶ ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። የቄስ ልጅ ነው። ዳዊት መድገም ተምሮ፣ ቅኔውን ሳይጀምር አምልጦ፣ አዲስ አበባ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ሆኖ ከርሞ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ማሽን ተሸክሞ መጣ። ወደ ማታ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ተጋፍቶ ኳስ ይጫወትበታል። ጧት ጧት ግን ማንም የለም። ሻይ ይዤለት ስገባ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይቀበለኛል። አንድ ቀን ጀሪካኑን ከጀርባዬ ላይ አውርዶ ራሱ ማድጋው ድረስ ወሰደልኝ። ያን ቀን ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርኩበት። ችግሩ፣ እታለም ነው የሚለኝ። እታለም፣ እጅሽ ይባረክ። እታለም፣ ተቀመጪ። ሰው ታላቅ እኅቱን እታለም ይላል። አስካለን ግን አስኩ ይላታል።

ከጥምቀት በኋላ አዲስ ሲዲ መጣ። ኳስ አይደለም። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ አንዲት ፀጉሯን የተቆረጠች ፈረንጅ ልጅ ጨለማ ከተማ ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። ዱላ የላት፣ ጠመንጃ የላት። ደም መጣጮቹ ረዣዥም ናቸው፤ ካባ ለብሰው ሲሄዱ ከሩቁ መነኩሴ ይመስላሉ፤ ዘወር ሲሉ ፊታቸው እንደ ሊጥ ነጭ ነው። መታገል የሚባል የለም፤ መደበቅ ብቻ ነው። ሲቀርቡ የልጅቱ ልብ ድው ድው ሲል ይሰማል። ከሮጠች ይሰሟታል። መጨረሻው ላይ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በሩ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ደጀኔ ግዕዙን እንደ ውኃ ይጠጣዋል እንጂ እንግሊዝኛ አያውቅም። አስካለ ተጠራች።

"ምን ይላል፣ አስኩ?"

አስካለ ቀረብ ብላ አየችው። "ግቡ ነው የሚለው። እዚህ ውስጥ የገባ ይድናል ይላል" አለች።

ገቡ። ውስጥ ደም መጣጮቹ በየአግዳሚው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ልጅቱ አለቀላት፤ ከመጀመሪያው እንደገና ተጀመረ። በማግስቱም ገቡ፤ አለቀላት። "ቶሎ መግባት ይሆናል ያለብን" ትላለች አስካለ። በሦስተኛው ቀን "ቀስ ብሎ መግባት ይሆናል" ትላለች። እንዲህ እየተባለ ሦስት ሳምንት፣ ጧት ጧት፣ ሁለቱ በአንዲት አጭር አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው። ደም መጣጭ ሲመጣ አስካለ ክንዱን ትይዛለች። እሱ ይስቃል። እኔ በሩ ላይ ሰፌዴን ታቅፌ ምስር እለቅማለሁ። ድንጋዩን ትቼ ምስሩን የጣልኩበት ቀን ብዙ ነው።

ቅናት እንዴት እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። የሰውነትሽ ሙቀት ይጠፋል፤ ጆሮሽ ብቻ ይቀራል። ግድግዳ ማዶ ሆኜ ሳቃቸውን እቆጥር ነበር። ዝም ሲሉ ደግሞ ዝምታው ከሳቁ ይብስብኛል። አስካለን የአክስቴ ልጅ ከምላት በቀር ክፉ አስቤባት አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የእሷን ወጥ ከድስቱ ሥር፣ ቅባት ከሌለበት ነበር የማወጣላት።

አንድ ቀን ዝምታቸው ሲረዝምብኝ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የቆጣሪ ማጥፊያ ዝቅ አደረግሁት። ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

"አይ ይቺ መብራት" አለ ደጀኔ።

አስካለ ወጥታ ደብተሯን ያዘች። ሲመሽ መልሼ ከፍ አደረግሁት። ጣመኝ። በማግስቱም አጠፋሁ። በሦስተኛው ቀን እጄ ማጥፊያው ላይ እንዳለ እትዬ ከኋላዬ ደረሰችብኝ።

"ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?"

"አቧራውን እያራገፍኩ ነው፣ እትዬ።"

"መብራት የሚሄደው አቧራሽን ባራገፍሽ ቁጥር ነው ልበል?" አለችና አየችኝ። "ሙሉዬ፣ ሰው የሚፈልገውን በአፉ ይጠይቃል፤ በቆጣሪ አይጠይቅም።"

አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ቂልነቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የደረሱበት ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ በማግስቱ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ ስለዚህ አብረው የሚቀመጡበት ቀን ይጨምራል። እኔው ነኝ የማራዝመው።

አስካለ የመንፈቅ ፈተናው ጧት ሆኖባት የሄደችበት ቀን ነው። እትዬ ለቅሶ ሄዳለች። ደጀኔ ብቻውን ተቀምጦ ልጅቱን አንድ ሁለት ጊዜ አስበላትና ወደ እኔ ዞረ።

"እታለም፣ ነይ እስቲ አንቺ ሞክሪ።"

"እኔ ማንበብ አልችል።"

"መደበቅ ማንበብ ይጠይቃል?"

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተቀመጥኩ፤ አስካለ የምትቀመጥበት ጫፍ ላይ። አውራ ጣቴን ይዞ "ይቺ ጎንበስ ማለት ነው፣ ይቺ መሄድ" አለኝ። ሌላውን ሁሉ በር ላይ ሆኜ ሦስት ሳምንት ተምሬዋለሁ።

መደበቅ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። በእኛ አገር ጓሳ የሚባለው የክዳን ሣር መስክ፣ ሣሩ እስኪያድግ ለዓመታት ይዘጋል፤ በዝግ ጊዜ የገባ ይቀጣል፤ ጠባቂዎች በፈረስ ይዞራሉ። ቤታችን ሲያፈስ ግን እኔና እኅቴ ማጭድ ይዘን ሾልከን እንገባ ነበር። እኅቴ ጠባቂ ስታይ ትሮጣለች፤ ሁልጊዜ የምትያዘው እሷ ናት። እኔ አመዳዩ ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ ሣሩ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ እቀር ነበር። አንድ ጊዜ የጠባቂው ፈረስ ራሴ አጠገብ ቆሞ ትንፋሹ ማጅራቴን አሞቀው። አልተነቃነቅሁም። ሰው የሚያየው የሚነቃነቀውን ነው።

ልጅቱን እንዲሁ አደረግኋት። ደጀኔና አስካለ በሚያስሮጧት ቦታ ሁሉ እኔ አስተኛኋት። ደም መጣጮቹ አጠገቧ ቆመው ያሸታሉ፤ ልቧ ይመታል፤ ያልፋሉ። ደጀኔ ሻዩን ረስቶታል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረስን።

"ግቢ እንጂ" አለኝ።

"ጫማ አድርጋ?"

"እ?"

"ጫማዋን አላወለቀችም። ነጠላም የላት። እኔም ጧት ቆሎ ቆርጥሜያለሁ።"

"ጨዋታ እኮ ነው።"

"አንተ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ ትላለህ።"

ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እሺ፣ ታዲያ የት ልትሆኚ ነው?"

"በልቶ የመጣ ሰው የት ይሆናል? ከቅጥሩ ሥር ነዋ።"

ከበሩ ዞር አድርጌ፣ ቅጥሩን አስይዤ፣ ከአንድ የመቃብር ድንጋይ ጀርባ አስቀመጥኳት። ደጀኔ አሁንም እየሳቀ ነው። ደም መጣጮቹ ከየመንገዱ መጡ። አንድ በአንድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ፤ እሷን ፍለጋ መሆኑ ነው። የመጨረሻው ከገባ በኋላ በሩ ራሱን ዘጋ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ደጀኔ ሳቁን አቆመ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰማዩ ከዳር ጀምሮ ነጣ፤ ፀሐይ ወጣ፤ የከተማው በር ተከፈተና ልጅቱ ወጥታ ሄደች። ጽሑፍ ይወርድ ጀመር።

ደጀኔ ዘሎ ተነሣ። አግዳሚዋ አጭር ናትና እሱ ሲነሣ በእኔ በኩል ተደፋች፤ እኔም መሬት ላይ። እጄን ይዞ ሲያነሣኝ "ሙሉዬ፣ ጨረስሽው" አለ። ሙሉዬ። እታለም አላለም።

አስካለ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከፈተናው ገና መግባቷ ነው፤ ጣቷ ቀለም ነክቶታል።

"አለቀ?" አለች።

"ሙሉነሽ ጨረሰችው። አልገባም ብላ፣ ጫማ አድርጋለች ብላ" አለ ደጀኔ እየሳቀ።

እኔ ያን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት። ግን ሦስት ሳምንት የታመቀ ነገር ነው። "ፊደል የቆጠረ ሁሉ አይጨርስም ለካ፣ አስኩ" አልኳት። በእሱ አጠራር ነው የጠራኋት፤ ሆን ብዬ።

የሚወርደውን ጽሑፍ እስኪያልቅ ቆማ አየችው። "ደግ አደረግሽ" አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ ፈተናው ከብዷት ነው አልን።

ከዚያ ወዲያ አስካለ ያቺ አግዳሚ ላይ አልተቀመጠችም። ጨዋታው አልቋል፤ የሚነበብ የለም። ሻይ ይዤ ስገባ ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ሆንኩ። ከፋሲካ በኋላ ደጀኔ ሽማግሌ ላከ፤ እትዬም "ይኸው በአፍ ተጠየቀ" ብላ ሰጠችኝ። ለሠርጋችን ቂጣውንና ጠላውን ከእኔ ጋር ያሰናዳችው አስካለ ናት። በዓመቱ ትምህርቷን ልትቀጥል አዲስ አበባ ሄደች፤ ዛሬ አስተማሪ ናት፤ ደብረ ብርሃን ትኖራለች።

ያሸነፈን ሰው ቅናት ይተወዋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይተወውም። ደጀኔ ባሌ ሆኖ፣ አብረን ጎጆ ወጥተን፣ ልጆች ወልደን እንኳ፣ በነዚያ ሦስት ሳምንታት እቀናለሁ። ብቻውን ተቀምጦ ፈገግ ሲል፣ ያኔ ምን እየተባባሉ ነበር ይሆን እላለሁ። አንድ ጊዜ ጠየቅሁት። "ስለ ምኑ ነው የምታወሪኝ?" አለኝ፤ ረስቶታል። እኔ ነኝ የማልረሳው። ዛሬም ራቤል እሳት ዳር ተቀምጬ ለልጅ ልጆቼ ሳወራ፣ የአስካለን እጅ ክንዱ ላይ አየዋለሁ።

ትንሿ ሶስና እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ "እምዬ፣ አስካለ የተማረች ሆና እንዴት አቃታት?" አለችኝ። ጉሙን አየሁ። እንጨቱን ገፋ አደረግሁ። ለልጅ የማይነገር ነገር ነው፤ ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ለዚችው ለሶስና ታናሽ ክርስትና አስካለ ከደብረ ብርሃን መጥታ፣ ሁለታችን ጓዳ ተቀምጠን ለድግሱ ምስር እንለቅማለን። ፀጉሯ ሸብቷል። ስለ ድሮው እያነሣን እየጣልን ሳለ፣ ቀና ሳትል፣ "ሙሉዬ፣ በሩ ላይ የተጻፈው አትግቡ ነበር" አለች።

ሰፌዱን መሬት አስቀመጥኩ። "አላወቅሽውም ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን ዐውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ግቡ ብለሽ አነበብሽው?"

አንዲት ጠጠር ከምስሩ መካከል አንሥታ ወደ ደጅ ወረወረች።

"ከገባን እንሞታለን" አለች። "ከሞትን ደግሞ፣ ነገ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።"