ሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ያድሩ የነበሩት ታካሚዬ

በቀዶ ጥገና ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የታዘዝኩት አንዲት ሴትዮ እንዲተኙ እንዳደርግ ነበር። ግራ ጡታቸው በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ነው ያነጉት።

"ጋደም ይበሉ እንጂ እናቴ" አልኳቸው።

"ጋደም ስል ስፌቱ የሚተረተር ይመስለኛል" አሉኝ።

ከነርስ ትምህርት ቤት ፋሻ መቀየር፣ መርፌ መውጋት፣ ግፊት መለካት ተምሬ ወጥቻለሁ። ታካሚ እንዴት እንደሚተኛ ግን በደንብ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ቆምኩ።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር መጥተው የአልጋውን ማዞሪያ አዞሩና ራስጌውን ከፍ አደረጉት። በሴትዮዋ ግራ ክንድ ሥር ትራስ አስገቡ፣ ክንዱ ከደረታቸው እኩል እስኪሆን። በጉልበታቸው ሥር ደግሞ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ። ከቁስሉ ፈሳሽ የምታወጣውን ቀጭን ቱቦና ጫፏ ላይ ያለችውን ጠርሙስ ሲገላበጡ እንዳትጎተት በመርፌ ቁልፍ ከፒጃማቸው ጋር አያያዟት። ሴትዮዋ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

"ነገ አንቺ ነሽ የምታደርጊው" ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ስንት ሰው እንዳስተኛሁ አላውቀውም። ጡረታ ስወጣም ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ቤት ለቤት እየዞርኩ ቁስል እንድጠርግ ቀጠረችኝ። ቦርሳዬን ይዤ ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከድልድዩ ሽቅብ ስል እውላለሁ። ሰው ቤት ማዞሪያ ያለው አልጋ የለም። ከሳሎን የሶፋ ትራስና መከዳ እየሰበሰብኩ ነው ራስጌ የምሠራው።

አንድ ቀን ጠዋት አብሬው የምሠራው የቀዶ ጥገና ሐኪም ደወለልኝ።

"ሲስተር፣ ደስታ የሚባሉ ታካሚ አሉ። ጡታቸው ወጥቷል፣ ቱቦው ገና አልተነቀለም። በቀጠሯቸው መምጣት ነበረባቸው፣ ቀሩ። አትክልት ተራ መደብር አለኝ ብለውኛል። ሄደው ቢያዩልኝ።"

ሐኪሙ እንደ ልማዱ ታካሚውን በአክብሮት ነው የጠራቸው። እንዲያ ሲባል ደግሞ ወንድ ይሁኑ ሴት ከንግግሩ አይለይም። እኔም አልጠየቅኩም። ጡት ከተባለ ሴት ናቸው። ደስታ የምትባል አክስትም ነበረችኝ።

አትክልት ተራ ስደርስ ጋሪው፣ ተሸካሚው፣ ጭቃው እንደ ሁልጊዜው ነው። አንዱን የቲማቲም ነጋዴ ጠጋ ብዬ፣

"የወይዘሮ ደስታ መደብር የትኛው ነው?" አልኩት።

"ወይዘሮ የሚባል ደስታ እዚህ የለም እናቴ" አለኝ እየሳቀ። "አቶ ደስታ ግን አሉ። ያ ሰማያዊ በር ነው። መቂ ሳይሄዱ ከመቂ የሚደውሉት ሰውዬ።"

የመቂው ነገር አልገባኝም። የስም መመሳሰል ይሆናል፣ ምናልባት ሚስቲቱም በባሏ ስም ተመዝግባ ይሆናል እያልኩ ወደ ሰማያዊው በር ሄድኩ።

ውስጥ አንድ ግዙፍ፣ ሃምሳዎቹን ያለፉ የሚመስሉ ሰው በዚያ ሙቀት ወፍራም ጃኬት ለብሰው ተቀምጠዋል። ሽንኩርቱ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል።

"ደስታ የሚባሉትን ታካሚ ፈልጌ ነው። ከዶክተሩ ተልኬ ነው" አልኳቸው።

ተነሡ። ወደ ውጭ ግራ ቀኙን አዩና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

"እኔ ነኝ" አሉኝ።

"ታካሚዋን ነው የምፈልገው።"

"እኔ ነኝ አልኩዎት እኮ፣ ሲስተር።"

ጃኬታቸውን ከፈቱ። ሸሚዛቸውንም። በግራ ደረታቸው ላይ ያ ዕድሜ ልኬን የማውቀው ፋሻ ተለጥፏል።

የወንድ ጡትም በካንሰር እንደሚታመም ተምሬያለሁ። በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ። ድንጋጤዬ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ አንገቴን ደፍቼ ጓንቴን ማጥለቅ ጀመርኩ። ጓንቱ እምቢ አለኝ፣ ሁለቴ ነው ያጠለቅኩት።

ፋሻውን ስፈታ የባሰ ነገር አየሁ። የግራ ደረታቸው አብጦ ቀልቷል። ጣቴን ሳሳርፍበት ውሃ እንደያዘ ፌስታል ይናጣል። ጠርሙሷ ውስጥ ጠብታ የለም። ቱቦውን ተከትዬ ስሄድ ብብታቸው ሥር ታጥፎ፣ ተደፍጥጦ አገኘሁት። ደረታቸው ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ መውጫ አጥቷል።

"የት ነው የሚያድሩት?" አልኳቸው።

በአገጫቸው ጥጉን አሳዩኝ። የድንች ጆንያ ተደርድሯል። በላዩ ላይ ካርቶን፣ በካርቶኑ ላይ ጋቢ።

"እዚያ ላይ? በየትኛው ጎንዎ?"

"በግራ። ከልጅነቴ ጀምሮ በሌላ ጎን እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ገና ስፌቱ ባልጠገገ ቁስል፣ በዚያ አቧራ መሃል፣ የድንች ጉብታ ላይ፣ በተሠራበት ጎን። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ። እንዲህ ያለ አልጋ ግን አላየሁም። 

"ቤት የለዎትም?"

"አለኝ። ሰባ ደረጃ ጋ። ሚስትም ልጆችም አሉኝ።"

"ታዲያ?"

"ሲስተር፣ አንድ ወንድ ጡቴን አስወጣሁ ብሎ በየት አፉ ነው ለሚስቱ የሚነግራት?"

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዝናሽ ሽንኩርት ልገዛ መቂ ሄጃለሁ ብለዋቸዋል። ማታ ማታ ከጆንያው ላይ ሆነው ይደውሉላቸዋል። ሽንኩርቱ ገና አልተነቀለም ይሏቸዋል። የቲማቲም ነጋዴው ቀልድ ያኔ ገባኝ።

"ጡት እኮ ወንድም አለው፣ አቶ ደስታ። ያለ ነገር ደግሞ ይታመማል" አልኳቸው።  ቱቦውን አቃንቼ ለሐኪሙ ደወልኩ። አሁኑኑ ይምጡ አለ። እሳቸው ደግሞ ዛሬ ጭነት ይገባልኛል፣ ነገ ይሁን አሉ። በዚህ ስንጨቃጨቅ በሩ ተንኳኳ።

"ደስታ፣ ክፈት" አለ የሴት ድምፅ። "ውስጥ እንዳለህ አውቃለሁ። ሴትዮዋም እንዳለች አውቃለሁ።"

አቶ ደስታ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወይዘሮ ዝናሽ ናቸው። ገበያ ውስጥ ባላቸውን ያየ ሰው ነግሯቸው ነው የመጡት። ውጭ ያሉት ደግሞ አንዲት ሴት ገብታ በሩ ተቀረቀረ ብለዋቸዋል።

"አይክፈቱ" አሉኝ አቶ ደስታ በሹክሹክታ።

"እኔ አልከፍትም። ምስጢርዎንም አልናገርም። በሩን ግን እርስዎ ይክፈቱት" አልኳቸው።

ሸሚዛቸውን ሳይቆልፉ ጃኬታቸውን ደርበው ከፈቱ። ወይዘሮ ዝናሽ ገቡና አዩኝ። ሽበቴን፣ መነጽሬን፣ ጓንቴን።

"እኚህ ናቸው?" አሉ ወደ ባላቸው ዞረው። ለጠብ ተዘጋጅተው የመጡበት ነገር ሁሉ ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

"ነርስ ነኝ" አልኩ።

"ነርስ ለምን? ማነው የታመመው?"

ባላቸውን አየሁ። እኔ ልናገር አልችልም።  አቶ ደስታ ጃኬቱን ከነሸሚዙ ከቀኝ ትከሻቸው አወረዱ፣ ቀጥሎ በዝግታ ከግራው።

ወይዘሮ ዝናሽ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። አጠገባቸው ያለ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ውጭ ተሸካሚዎች መንገድ፣ መንገድ ይላሉ። 

"ስትደውል ድምፅህ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር" አሉ በመጨረሻ። "የመቂ ኔትወርክ ነው አልከኝ።"

"ሕመሙ ነው" አሉ አቶ ደስታ።

"እኔ ሌላ ቤት ሠርቷል ብዬ ነው የመጣሁት። ልጆቹን ይዤ ልወጣ።"

"ይሄን ከምታዪ እንደዚያ ብታስቢ ይሻለኝ ነበር።"

ይህን ሲሉ እኔም ክው አልኩ። ሰው ከመታመሙ ይልቅ መማገጡ እንዲታመንበት ሲመርጥ ሰምቼ አላውቅም።  ወይዘሮ ዝናሽ ተነሥተው ወደ ጥጉ ሄዱ፣ ጋቢውን ገልጠው ጆንያውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሲስተር፣ በየትኛው ጎኑ ነው መተኛት ያለበት?"

በኮንትራት ታክሲ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድናቸው። ፈሳሹን በመርፌ ቀዳው። ጥቂት ቢቆዩ መግል ይይዝ ነበር አለ። መድኃኒት አዞላቸው፣ ከዚያ ሦስታችንም ወደ ሰባ ደረጃ ሄድን።

አልጋቸው ግድግዳ የተጠጋ ነው። የእሳቸው ቦታ የግድግዳው በኩል ነው፤ ለመውረድ ሚስታቸውን መሻገር፣ በግራ ክንዳቸውም መግፋት አለባቸው። ከወይዘሮ ዝናሽ ጋር አልጋውን ጎትተን አዞርነው፣ ቀኝ ጎናቸው መውረጃው በኩል እንዲሆን። ከሳሎን ሁለት መከዳ አምጥተን ከፍራሹ ሥር ራስጌ ሠራን። በጀርባቸው አስተኛናቸው፣ ግማሽ ቁጭ እንዳሉ። ግራ ክንዳቸው ትራስ ላይ፣ በእንቅልፍ ልብ ወደ ግራ እንዳይገለበጡም ጎናቸው ላይ አንድ ሌላ። ቱቦዋን በሸሚዛቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዝኳት። ማስታገሻውን ከመተኛታቸው ቀደም ብለው እንዲውጡ፣ ሲነሡ በቀኝ ዞረው እግራቸውን አስቀድመው አውርደው በቀኝ ክንዳቸው እንዲደገፉ አሳየኋቸው። ሐኪሙ እስኪፈቅድ በግራ መተኛት የለም። መሃላቸው ትተኛ የነበረችው ትንሿ ልጃቸው ለጊዜው ከእህቷ ጋር ሆነች።

"እኔስ የት ልተኛ?" አሉ ወይዘሮ ዝናሽ።

ልመልስ ስል አቶ ደስታ ቀደሙኝ።

"አጠገቤ ትተኛለሽ?"

"ሃያ ዓመት የት ነው የተኛሁት?" አሉ ወይዘሮ ዝናሽ፣ ትራሱን እያራገፉ።

በማግስቱ ስሄድ አቶ ደስታ ገና አልተነሡም። "እሱ አንኮራፋ፣ እኔ ቱቦዋን ስጠብቅ አነጋሁ" አሉኝ ወይዘሮ ዝናሽ። ጠርሙሷ ውስጥ ፈሳሽ ወርዷል። እብጠቱ ጎድሏል።

ቱቦው በጊዜው ተነቀለ። የቀረውን ሕክምና ከሚስታቸው ጋር እየተመላለሱ ጨረሱ። ዛሬም አትክልት ተራ ናቸው፤ ጆንያ ግን አያነሡም። ምን ሆነው እንደነበር ለሰው አይናገሩም፣ ያም መብታቸው ነው።

አሁን ክሊኒኳ አዳዲስ ነርሶች ስትቀጥር አብረውኝ እንዲዞሩ ትልካቸዋለች። የምነግራቸው ይህን ነው። ታካሚው ወንድ ይሁን ሴት በስሙ አትገምቱ። ፋሻ ከመፍታታችሁ በፊት የት ነው የሚያድሩት፣ በየትኛው ጎን፣ ከማን ጋር ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ደህና ካልሆነ ቁስሉን ጠርጋችሁ ብቻ አትውጡ፤ አልጋውን አስተካክላችሁ ውጡ።