በእማዬ ቦታ ያለፈው ቦይ

ልጅ ሆኜ፣ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ቤት የሚገባ አልነበረም። ወደ ታቦር ተራራ ግርጌ ነበር የምንሮጠው። ዘመኑ ደርግ ነው፤ እማዬ አባል የሆነችበት የቤት ሠሪዎች ማኅበር እዚያ ቦታ ተመርቶ፣ ግሬደር ገብቶ ነበር። የተገለበጠ አፈርና የናፍጣ ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልጠፋም። ከአፈር ክምሩ ላይ በካርቶን ቁልቁል እንንሸራተታለን፤ የቆሸሸ ቀሚሴን የሚጠብቀውን ቁንጥጫ እያወቅሁም አልቀርም።

ግሬደሩን የሚነዱት ጋሽ ዳንጊሶ የሚባሉ የሲዳማ ሰው ነበሩ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ምላጩን ሲያወርዱት፣ መሬቱ በእጅ የተለቀለቀ ይመስል ነበር። ፈዝዤ ነበር የማያቸው።

ቦታው ከታች ወዳለው ሐይቅ ያዘነበለ ስለነበር አባላቱ ማን ከላይ፣ ማን ከታች ይሁን በሚል ተጨቃጨቁ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ የሚወዱ ደግ አስተማሪ ነበሩ፤ መላ አመጡ። ቦታው በሙሉ እንደ ጠረጴዛ ይስተካከል፣ ከጓድ በላይ ጓድ አይኑር አሉ። ተጨበጨበ። እማዬም አጨብጭባለች።

ጋሽ ዳንጊሶ ኮፍያቸውን አወለቁ። “ግፋ ካላችሁኝ እገፋለሁ። ውሃ ግን ስብሰባ አይገባውም” አሉ። ተሳቀና ታለፈ።

ዕጣ ሲወጣ ለእማዬ በሐይቁ በኩል ያለው የመጨረሻው ረድፍ ደረሳት። አባቴ ገና በሕፃንነቴ ሞቷል፤ እማዬ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ የምንኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ያቺ ቦታ ለእኛ ሁሉ ነገራችን ነበረች። እሑድ እሑድ በእርምጃ እየለካች፣ “ይሄ ወጥ ቤት፣ ይሄ ደግሞ ያንቺ ክፍል” ትለኛለች። እኔም የራሴ ክፍል ውስጥ ቆሜ ለጓደኞቼ በር እከፍትላቸው ነበር፤ በሩ በሌለበት።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጠረጴዛው ኩሬ ሆነ። የተቆፈረው መሠረት ሁሉ ሞላ፣ እንቁራሪት ገባበት። በማግስቱ አባላቱ ሱሪያቸውን ሰብስበው መጡ። ሊቀመንበሩ ጭቃው መሃል ቆመው፣ “ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ። እንዲህ የሚል ሊቀመንበር ከዚያ በኋላ ብዙም አላጋጠመኝም።

ጋሽ ዳንጊሶ መሬቱ እንደገና ወደ ሐይቁ ማዘንበል እንዳለበት፣ ውሃው መውጫ ቦይ እንደሚፈልግና ቦዩም ከታችኛው ረድፍ በአንዱ ቦታ መሃል ማለፍ እንዳለበት አስረዱ። ግሬደሩ ከመሥሪያ ቤት በውሰት የመጣ ነው፤ በዚያው ቀን ይመለሳል። የታችኛው ረድፍ ባለቤቶች አራት ነበሩ። ሁሉም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

“በእኔ ይለፍ” አለች እማዬ። “እነሱ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። እኛ ሁለት ነን።”

“የኔ ክፍልስ?” ብዬ በሰው ፊት አለቀስኩ።

“አንቺ ከእኔ ጋር ትተኛለሽ።”

ጋሽ ዳንጊሶ በዕድሜ አባቷ ይሆናሉ፤ ግን “እሺ፣ እናቴ” አሏትና ግሬደራቸው ላይ ወጡ። ምላጩ ክፍሌን ሲቆርጠው ቆሜ አየሁ። እማዬን በጣም ጠላኋት፤ ለአንድ ሳምንት ያህል። አባላቱ ሦስት እሑድ ሙሉ ድንጋይ ተሸክመው ቦዩን ገነቡልን። ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት የአንድም ሰው ቤት ውሃ አልገባበትም። እኔም በተረፈችን ቦታ በሠራናት ጠባብ ቤት እስክዳር ድረስ ከእማዬ ጋር ተኛሁ።

አሁን ሰው ሁሉ አፈር አስሞልቶ ግቢውን ከጎረቤቱ ከፍ ያደርጋል፤ ውሃው ወደ ሌላው ይሂድ ነው። እኔም ባለፈው ዓመት ቤት ስሠራ እንደዚያው አደረግሁ፤ እንዲያውም በለጥኩ። ክረምት ላይ እማዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ዣንጥላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ የግቢዬ ውሃ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ወጥ ቤት ሲገባ አየችው።

“ልጆች አሏት?” አለችኝ።

“ሦስት።”

ሻይዋን ጠጥታ፣ ስለ ዘመድ አዝማድ አውርታ ሄደች። እኔ ቆፋሪ ጠርቼ በግቢዬ መሃል ቦይ አስወጣሁ። እማዬ ጭቃ ውስጥ ቆማ በአንድ ትንፋሽ የወሰነችውን፣ እኔ ለመወሰን አራት ቀን ፈጀብኝ።